የአሜሪካ ምርጫ ውጤት መቼ ይታወቃል?

ለአዘጋጁ፦

የአሜሪካ ፕሬዚዳንታዊ ምርጫ አሸናፊ «በዚያው ሌሊት ይለያል» ብሎ የመዘገብ ልማድ ቢታረም ጥሩ ነው። ሰዓቱን የሚወስነው የፉክክሩ ጥበት ብቻ ሳይሆን የየግዛቱ የቆጠራ ሕግም ነው። ፍሎሪዳ የፖስታ ድምፆችን ቀድማ ስለምታዘጋጅ አብዛኛውን በምሽቱ ትጨርሳለች። ፔንሲልቬንያና ዊስኮንሲን ግን ፖስታውን የሚከፍቱት ከምርጫው ዕለት ጠዋት ጀምሮ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 ማክሰኞ ድምፅ ተሰጥቶ አሸናፊው እስከ ቅዳሜ ያልተለየው በአመዛኙ በዚህ ምክንያት ነበር። በዚያ ዓመት በእነዚህ ሁለት ግዛቶች በአካል የተሰጠው ድምፅ ቀድሞ በመነገሩ፣ የሌሊቱ መሪነት ብዙዎችን አሳስቷል (ዘጋቢዎችንም ጭምር)።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2028 ምርጫ ከተቆጠረው ድምፅ መቶኛ ጎን ያልተቆጠረው ድምፅ መጠን፣ ዓይነትና አውራጃ ይታተም። ፔንሲልቬንያ ድምፅ መስጫዋን የምትዘጋው በአዲስ አበባ ረቡዕ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መሆኑም ይጠቀስ።

አንድ አንባቢ