የውሃው መዝጊያ ቁልፍ ማን ጋ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ውሃ መጥፋት ብዙ ደብዳቤ እንደሚደርሳችሁ እገምታለሁ። የኔ ስለ መምጣቱ ነው።

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የምናገኘው፤ ፈረቃውም ሲያሻው ይዘላል። ባለፈው ወር አንድ ሌሊት፣ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ጠብ ጠብ የሚል ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ዝናብ መስሎኝ ተገላብጬ ልተኛ ስል ድምፁ ከውስጥ መሆኑ ገባኝ። በሞባይል መብራት ባየው ሳሎን መሃል፣ ከአምፖሉ ዙሪያ ውሃ እየተንጠባጠበ ነው። ማብሪያ ማጥፊያውን ሳልነካ ሄጄ ብሬከሩን አወረድኩት። እስካሁን በዚያ ሌሊት የሠራሁት ብቸኛ ብልህ ነገር እሱ ይመስለኛል።

ላይ ቤት ወጥቼ በሩን ደበደብኩ። ማንም የለም። እዚያ የሚኖሩት እትዬ ለለቅሶ ክፍለ ሀገር ሄደዋል። በኋላ እንደተረዳነው ከመሄዳቸው በፊት የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፍተው ሞክረዋል፣ ውሃ የለም፣ ሳይዘጉት ወጥተዋል። ሲንኩ ውስጥ የተነከረ ሰሃንና የሰሃን ማጠቢያ ጨርቅ ነበር፤ ጨርቁ የፍሳሽ ቀዳዳው ላይ ቁጭ ብሏል። ውሃው መጣ፣ ሲንኩ ሞላ፣ ወለሉ ሞላ፣ ከዚያ ወደኔ።

እትዬን አልወቅስም። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ቧንቧ ከፍቶ ቢተው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። ውሃ 10 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ብቻ አንድ ባር ያህል ግፊት ይበላል። ቀን ቀን ሰፈሩ ሁሉ እየቀዳ ግፊቱ ታች ያልቃል። ላይ የሚደርሰው ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ሲተኛ ነው። ስለዚህ ላይ ያሉት «ሲመጣ ድምፁ ይቀሰቅሰኛል» ብለው ቧንቧውን ከፍተው፣ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጠው ይተኛሉ። አንዳንዴ ይቀሰቅሳል። አንዳንዴ ደግሞ ሰውየው ቤት የለም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ። ውሃውን ከታች ልዝጋ ብዬ በነጠላ ጫማ እየሮጥኩ ወረድኩ። ቆጣሪዎቹና መዝጊያው ያሉበት የብረት ሳጥን ተቆልፏል። ጥበቃውን ቀሰቀስኩት።

«ቁልፉ ማን ጋ ነው?»

«የድሮው የማኅበር ሰብሳቢ ጋ ነበር ጋሼ።»

የድሮው ሰብሳቢ ከሰፈሩ ከለቀቁ ዓመት አልፏቸዋል፤ ስልካቸው አይነሳም። ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰበርነው። ከውስጥ የአራተኛ ፎቁ መዝጊያ የትኛው እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም፣ በግምት አንዱን ያዝኩ። ቤቱ ከተሠራ ጀምሮ ማንም ነክቶት ስለማያውቅ ዝጓል። ጠምዝዤ ጠምዝዤ እጀታው ተሰብሮ እጄ ላይ ቀረ። አንድ ሹፌር ጎረቤት ከመኪናው ትልቅ መፍቻ አምጥቶ እየታገለ የብሎኩን ዋና መዝጊያ ባይዘጋልን ኖሮ ውሃው የመሬት ቤቱም ጋ ይደርስ ነበር። ሁሉም ነገር አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ። የመዝጊያው ሳጥን ክፍት ቢሆንና መዝጊያው ቢዞር ሁለት ደቂቃ አይሞላም ነበር።

በዚያ መሃል ሦስት ቧንቧ ሠራተኛ ደውያለሁ። አንዱ አላነሳም፣ ሁለተኛው «በሌሊት ዋጋው እጥፍ ነው» አለኝ፣ እሺ ብለውም አልመጣም። ሦስተኛው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረሰ፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን እሱ ሲመጣ አደጋው አልፎ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ጥገና ነው የሚሠራው፤ ጎርፉን የሚያቆመው ቤት ውስጥ ያለ ሰው ነው።

ልጁ መዝጊያዎቹን እየቀየረ ያወራኝን ልንገራችሁ። ሰፈራችን ውስጥ በብዛት የሚጠራው ለሦስት ነገር ነው። አንደኛው ከሽንት ቤቱ ገንዳና ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለችው ተጣጣፊ ቱቦ ስትፈነዳ ነው፤ ርካሿን ገዝተው ያስገባሉ፣ ውሃው ከአየር ጋር እየተገፋ ሲመጣ ትመታለች፣ ትፈነዳለች። ሌላው ሮቶው ውስጥ ያለው ተንሳፋፊ ሲበላሽና ሮቶው ሌሊቱን ሙሉ ሲፈስ ነው። ሦስተኛው መሬት ቤት ያሉትን የሚያስለቅሰው ነው፤ ከላይ ዳይፐር፣ የቡና አተላና የወጥ ዘይት ይለቀቃል፣ መስመሩ ይደፈናል፣ የሁላችን ቆሻሻ እነሱ ሻወር ቤት ይወጣል። ስለዚህኛው ሌላ ደብዳቤ ይበቃዋል፣ አሁን ባልጀምረው ይሻላል። የብረት ቧንቧ ሲቀደድ ደግሞ ውሃውን ዘግቶ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጦ አጥብቆ መጠምጠምና በሽቦ ማሰር እስኪነጋ ያቆያል አለኝ። ማሞቂያ ያላችሁ ውሃው ሲዘጋ መብራቱንም አጥፉት፤ ባዶውን ከበራ ይቃጠላል።

የተበላሸው ኮርኒስና ቀለም የማን ወጪ ነው? እትዬ ሲመለሱ ደንግጠው ግማሹን ከፈሉ፣ እኔም ተቀበልኩ። ስለ መዝጊያው ግን ሰዉ ተከራከረ። «የግል ነው» ያሉም ነበሩ። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370 የጋራ የሆነውን ክፍል የማስተዳደሩን ሥራ ለቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው የሰጠው። ዋናው መዝጊያ የሁላችን ካልሆነ የማን ሊሆን ነው? ተከራዮችም አለን፤ አከራያችን ውጭ አገር ነው፣ ስብሰባ አንጠራም፣ ውሃው ግን ተከራይና ባለቤት ለይቶ አይወርድም።

የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። ይህን የምታነቡ የኮንዶሚኒየም ሰዎች ነገ ወርዳችሁ ሳጥኑን ክፈቱት። መዝጊያውን አዙሩት፤ ካልዞረ በዚያው ቀን አስቀይሩት። በየመዝጊያው ላይ የቤት ቁጥር በቀለም ጻፉ። ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ቧንቧውን ዘግቶ፣ ስልክ ቁጥሩን ለጥበቃው ይተው።

እኛ ብሎክ አዲሱ ቁልፍ ጥበቃው ቤት፣ ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል። አንዱ ቅጂ እኔ ጋ ነው። ለመዝጊያዎቹ በቤት መቶ ብር አዋጡ ተባለ፤ ከሃያው ቤት እስከ ትናንት የከፈለው አሥራ አንዱ ነው።

አንድ የየካ አባዶ ነዋሪ