ክኒኑን እንዳይተው ንገሪው

እህት ዓለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ዛሬ ደኅና ነኝ። ይህን ያህል ድምፄ ሲጠፋብሽ ተቀይማኛለች እንዳትዪ፤ ታምሜ ነበር። በስልክ በሁለት ቃል የሚነገር ሕመም አልነበረምና ዝም አልኩ። ሰሞኑን ግን እማማን ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ አገኘኋቸው። ወንድምሽም እንደኔው «ልብህ ሰፍቷል» እንደተባለ፣ ሻል ሲለው ደግሞ ክኒኑን እርግፍ አድርጎ እንደተወ ሲነግሩኝ እንቅልፍ አጣሁ። ደብዳቤው ስለሚረዝም ታገሺኝ።

የኔው የጀመረው እንደ ማንኛውም ጉንፋን ነው፤ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ ሳል። ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ታሸልኝ፣ ትኩሳቱም ለቀቀኝ። ከሳምንታት በኋላ ግን ከፒያሳ ወደ ቤት የምታስወጣው ዳገት አቃተችኝ። ማታ በጀርባዬ ስተኛ ያፍነኛል፤ ትራስ ደራርቤ ተደግፌ አነጋለሁ። እግሬ አብጦ ጫማ እምቢ አለኝ፣ በጣት ሲጫኑት ይሰረጉዳል። አንዱ አስም ነው ይላል፣ ሌላው ብርድ ነው ይላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ኢኮ፣ ማለትም የልብ አልትራሳውንድ፣ ስነሣ ነው የታወቀው። ልቤ ሰፍቶ የመግፋት አቅሙ 25 በመቶ ደርሷል። ጤነኛ ልብ በእያንዳንዱ ምት የግራ ክፍሉ ከያዘው ደም 55 በመቶውን ወይም ከዚያ በላይ ወደ ሰውነት ይልካል።

ሐኪሜ ያስረዳኝን ልንገርሽ፣ ለወንድምሽ ይጠቅመዋል። ልብን ከሚያጠቁት ቫይረሶች ብዙዎቹ ተራ ጉንፋንና ተቅማጥ የሚያመጡት ናቸው፤ ኮክሳኪ፣ አዴኖ፣ ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮሮናም ከነዚሁ ነው። አብዛኛው ሰው ሳያውቀው ያልፍለታል። በአንዳንዱ ሰው ግን ቫይረሱም፣ እሱን ሊያባርር የተነሣው የሰውነት መከላከያም የልብን ጡንቻ ይጎዱታል። የተጎዳው ጡንቻ እንደ አሮጌ የጉርድ ላስቲክ ይረግባል፣ ክፍሉም ይሰፋል። ልቡ ተለቀ ሲባል ልቡ በረታ የሚመስላቸው አሉ፤ ድካም ነው እንጂ ብርታት አይደለም። ከዚያ ሰውነት ደም አልደረሰኝም ብሎ ጨውና ውሃ ያጠራቅማል፣ ደም ስሩን ያጠባል፣ ልብን ያስሮጣል። ለጊዜው ይረዳል፤ ሲውል ሲያድር ግን የደከመውን ልብ ጨርሶ ይሰብረዋል።

መድኃኒቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚያሸናው ላሲክስ እብጠቱንና ማፈኑን በቀናት አቀለለልኝ። ልብን የሚጠግኑት ግን ሌሎቹ ናቸው። ኢናላፕሪል ደም ስሩን ያላላል፣ ሜቶፕሮሎል ሩጫውን ይገታል፣ ስፓይሮኖላክቶን ደግሞ ልብን የሚያደነድነውን ጠባሳ ይቀንሳል። በትንሽ መጠን ተጀምረው ቀስ እየተባለ ይጨመራሉ፤ ጥቅማቸው የሚታየው ከወራት በኋላ ነው። ሜቶፕሮሎል መጀመሪያ ላይ ያዝላል፣ ብድግ ስትዪም ያዞርሻል። ወንድምሽን ያስመረረው ይኸው ይሆናል ብዬ እጠረጥራለሁ። ኢናላፕሪል ደረቅ ሳል አምጥቶበት ከሆነም ሐኪሙ የሚቀይርለት ሌላ መድኃኒት አለ። ያስቸገረውን ይናገር፣ መላ አይጠፋም።

ቤቴ ውስጥ ትልቁ ለውጥ ጨው ነው። በርበሬያችን ከነጨው የሚፈጭ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ለኔ ያለ ጨው ተፈጨልኝ። ቋንጣ ቀረ። ጠዋት ሽንት ቤት ደርሼ፣ ምንም ሳልቀምስ ሚዛን ላይ እወጣለሁ፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመርኩ ስብ ሳይሆን ውሃ ነውና ቀጠሮ ሳልጠብቅ እሄዳለሁ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከፋርማሲ አልገዛም፤ ውሃ ያስይዛሉ፣ ኩላሊትም ይጎዳሉ። ስለ ጾሙና ስለ ጠበሉ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «መድኃኒቱንም የሰጠ እሱ ነው፣ ሳታቋርጪ ዋጪ» አሉኝ። ይህን ለእማማም ንገሪልኝ፣ እሳቸው በዚህ ነገር ይጨነቃሉ።

አሁን ልቤ 50 በመቶ ደርሷል። ዳገቷን እያረፍኩ እወጣለሁ፤ ለጥምቀት ፋሲለደስ መዋኛ ድረስ በእግሬ ሄጃለሁ። ሁሉም እንዲህ አይሆንለትም። ሙሉ በሙሉ የሚያገግም አለ፣ ባለበት የሚቆይ አለ፣ የሚብስበትም አለ። እኔን ሲያዩኝ «ድነሻል፣ ምን ያስውጥሻል?» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። እኔም ይህንኑ ለሐኪሜ ባነሣ እንግሊዝ አገር ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2019 ስለታተመ ጥናት ነገረኝ። ልባቸው ሰፍቶ የነበረና ያገገመላቸው፣ ምንም የማያማቸው 51 ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱን በክትትል ቀስ እያሉ እንዲያቆሙ ከተደረጉት 25ቱ ውስጥ በ6 ወር ብቻ 11ዱ ሕመሙ ተመለሰባቸው። ከቀጠሉት ግን በዚያ ጊዜ አንድም ሰው አልተመለሰበትም። እነዚያ ሰዎች ድነዋል የተባሉ ናቸው! ወንድምሽ ደግሞ ገና ሻል ማለት ነው የጀመረው፤ ያቆመውም ማንም ሳያየው፣ በአንድ ቀን ነው። ሜቶፕሮሎልን እንዲህ በድንገት መተው ብቻውን አደጋ አለው።

አዘዞ ድረስ ወርጄ ላናግረው አስቤ ነበር። ነገር ግን አንቺን እንጂ እኔን አይሰማም፤ ከልጅነቱም ያንቺ ነው። ዛሬውኑ ደውይለት። ደንግጦ ደግሞ ክኒኑን በነበረበት መጠን በራሱ እንዳይጀምር፤ ካቆመ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ሳይደብቅ ለሐኪም ይናገር፣ ከየትኛውና ከስንት እንደሚጀምር እሱ ይወስንለት። የኢኮ ወረቀቱንና የቀሩትን ክኒኖች ከነማሸጊያቸው ይያዝ። ብቻውን ከከበደው ይደውልልኝ፣ ካርድ ክፍል ድረስ አብሬው እሄዳለሁ። እግሩ ካበጠ ወይም ተኝቶ የሚያፍነው ከሆነ ግን ማንንም ሳይጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ምን እንዳለሽ ወዲያው ጻፊልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ።

የምትወድሽ እህትሽ፣
ከጎንደር