ግልጽ ደብዳቤ፦ ለዉድሰን ቤት አንድ የአማርኛ ወረቀት

ለአሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት፣ ዋሺንግተን ዲሲ

ጤና ይስጥልኝ።

የዲሲ ታክሲ ነጂ ነኝ። ናይንዝ ስትሪት ጓዳዬ ነው። ቡና የምጠጣውም፣ የአገር ቤት ወሬ የምሰማውም ዩ ስትሪት ማዕዘን አካባቢ ነው። ከዚያ ወረድ ሲሉ፣ ቁጥር 1538 ላይ፣ ከጎረቤት የተጣበቀ ባለ ሦስት ፎቅ የጡብ ቤት አለ። ስንቴ ደጁ ላይ ቆሜ ደንበኛ ጠብቄያለሁ! የማን ቤት ነው ብዬ ግን ጠይቄ አላውቅም።

የነገረችኝ ልጄ ናት። ፌብሩዋሪ ላይ ስለ ጥቁር አሜሪካዊው የታሪክ ምሁር ካርተር ዉድሰን የቤት ሥራ ይዛ መጣች። አድራሻውን ስታነብ "አባዬ፣ መኪና የምታቆምበት እኮ ነው!" አለችኝ። አፈርኩ።

የዉድሰን ወላጆች በባርነት የኖሩ ናቸው። እሱም ዌስት ቨርጂኒያ ከሰል ቆፍሯል። ሁለተኛ ደረጃ የገባው በ20 ዓመቱ ነው፤ በ1912 ግን ከሃርቫርድ የታሪክ ዶክትሬቱን ያዘ። (ሌሊት እየነዳን ቀን ኮሌጅ የምንማር ሰዎች ይህቺን ወደናታል።) ቤቱን በ1922 ገዝቶ በ1950 እስኪሞት ኖረበት። መኖሪያ ብቻ አልነበረም፤ ቢሮም ነበር። መጽሐፍ እየታሸገ የሚላከው ከዚያው ነው። ገጣሚው ላንግስተን ሂዩዝ በወጣትነቱ ተቀጥሮ ቢሮውን ይከፍት፣ ያጸዳ፣ መጽሐፍ ያሽግ ነበር። በ1926 የተጀመረው፣ ኋላ በ1976 ወር የሆነው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንትም የዚሁ ቤት ሥራ ነው።

ቤቱን ገዝታችሁ ከመፍረስ ስላዳናችሁት እግዜር ይስጥልኝ። የምለምነው አንድ ወረቀት ነው፤ ታሪኩን በአማርኛ የሚነግር። የዲሲ ከተማ በ2004 ባወጣው ሕግ መሥሪያ ቤቶቹ አማርኛ ተናጋሪውን በቋንቋው እንዲያስተናግዱ አዟል። እናንተ የፌዴራል ስለሆናችሁ ሕጉ አይነካችሁም። እኔም የመጣሁት በጉርብትና እንጂ በሕግ አይደለም።

እናቴ የልጅ ልጆቿን ልትጠብቅ መጥታ እኛው ጋ ናት። እንግሊዝኛ አታነብም፤ መነጽሯን አድርጋ ዳዊት ስትደግም ግን ማን ያህላታል! ልጆቹን ይዛ በዚያ ስታልፍ እሷም የምትነግራቸው ነገር ይኑራት።

ወረቀቱ ላይ ስለ ሃርቫርድ ብቻ እንዳትጽፉ፤ ከሰሉም ይግባ። ተርጓሚ ከጠፋ ደግሞ አትቸገሩ። ታክሲ ተራ ላይ ስንት የቀድሞ መምህር አለ መሰላችሁ! በነጻ እንሠራዋለን።

አክባሪያችሁ፣
የናይንዝ ስትሪት ታክሲ ነጂ