የዶሮ ኩስ ሳይበስል ጓሮ አይግባ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ ጓሮ ዶሮ እርባታ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጫጩት፣ ስለ መኖ፣ ስለ ክትባት። ከዶሮ ቤቱ በየቀኑ ስለሚጠረገው ኩስ ግን የሚናገር ጥቂት ነው። በየሰፈሩ የምናየውም ኩሱ ወይ በጆንያ ታስሮ ከቆሻሻ ጋር ሲወጣ ወይ እንደተጠረገ ጎመንና ሰላጣ ሥር ሲበተን ነው። መጣሉ ብክነት ነው፤ ትኩሱን መበተኑ ግን ጉዳት ነው።

ትኩስ ኩስ አሞኒያ የተባለ የሚሰነፍጥ ጋዝ ያመነጫል፣ ጨውም አለው። ሥሩ ይቃጠላል፣ የቅጠሉ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ይደርቃል፣ ባለቤቱም ውኃ ያነሰው መስሎት ያጠጣል። ከዚህ የሚከፋው ሳልሞኔላን የመሳሰሉ ተሕዋስያን ጥሬውን ወደሚበላው ሰላጣ መሻገራቸው ነው። በአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ፣ ያልበሰለ ፍግ አፈሩ ውስጥ የገባበት መደብ ላይ፣ የሚበላው ክፍል አፈር የሚነካ ከሆነ ቢያንስ 120 ቀን፣ የማይነካ ከሆነ 90 ቀን ሳያልፍ ምርቱ አይሰበሰብም። የጓሮ ሰላጣ ደግሞ ያን ያህል ጊዜ መደቡ ላይ አይቆይም።

ስለዚህ ኩሱ መብሰል፣ ማለትም ተከምሮና ሞቆ ወደ ብስባሽ መለወጥ አለበት፤ የሚያበስለውም ጭድ ነው። በኩስ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ያለው ካርቦን ከ7 እስከ 10 እጅ ብቻ ነው። ክምሩን የሚያሞቁት ረቂቅ ተሕዋስያን ግን ከ25 እስከ 30 እጅ ይፈልጋሉ። ጉድለቱ ካልተሟላ ትርፉ ናይትሮጅን አሞኒያ ሆኖ ይተናል፤ ጎረቤት የሚያማርርበት ሽታም ያው ለጎመኑ ይሆን የነበረው ማዳበሪያ ነው።

ልኩ ከባድ አይደለም። ለአንድ ኪሎ እርጥብ ኩስ አንድ ኪሎ ያህል ደረቅ ጭድ ይበቃል። ሚዛን ለሌለው፣ ለአንድ ጆንያ ኩስ ተጠቅጥቆ የተሞላ ሦስት ወይም አራት ጆንያ ጭድ ማለት ነው። ኩሱ ቀድሞውኑ ከጉዝጓዙ ጋር ተቀላቅሎ ከተጠረገ ጭዱ ይቀነሳል። ሰጋቱራ ካርቦኑ እጅግ ስለሚበዛ ብቻውን አይመከርም፤ ከጭድ ጋር በጥቂቱ ይግባ። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይት ስላለውና ቶሎ ስለማይበሰብስ ይቅር።

20 እንቁላል ጣይ ዶሮዎች በወር ከ60 እስከ 90 ኪሎ እርጥብ ኩስ ይጥላሉ። 80 ኪሎ ኩስ፣ 80 ኪሎ ጭድና ባለ 20 ሊትር ሦስት ጀሪካን ውኃ ሲደባለቁ በቁመትም በጎንም አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን ክምር ይወጣቸዋል። ይህ መጠን ዝም ብሎ የተመረጠ አይደለም፤ ከዚያ ያነሰ ክምር ሙቀቱን መያዝ አይችልም፣ በተለይ የደጋ ሌሊት ላይ። ስለዚህ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ከመደራረብ፣ ኩሱን ዝናብ በማይደርስበት ቦታ ከደረቅ ጭድ ጋር እያቀላቀሉ ማጠራቀምና በአንድ ቀን መከመር ይሻላል።

ከሥር የበቆሎ አገዳ ወይም ጭራሮ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይነጠፍ፤ አየር የሚገባው በዚያ ነው። በላዩ አንድ ስንዝር ያህል ጭድ፣ ከዚያ ሦስት ጣት ውፍረት ያለው ኩስ፣ ከዚያ ውኃ መርጨት፤ እንዲህ እየተደገመ እስከ ላይ ይደርሳል። መጨረሻው ሁልጊዜ ጭድ ይሁን፤ ኩስ ተገልጦ ከታየ ዝንብ እንቁላሏን ትጥልበታለች። የውኃውን ልክ እጅ ይነግራል፦ ከውስጡ አንድ እፍኝ ወስደው አጥብቀው ይጭመቁት። በጣቶች መካከል አንድ ሁለት ጠብታ ብቅ ካለ ደህና ነው። ከተንጠባጠበ በዝቷል፣ ሲለቁት ከተበተነ አንሷል።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን መሞቅ አለበት። እስከ መሐሉ የሚደርስ በትር ሰክተው ይተዉት፤ ሲያወጡት ጨብጦ ለማቆየት የሚያስቸግር ከሆነ ክምሩ በሥራ ላይ ነው። ቴርሞሜትር ያለው ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠብቅ። ይህ ሙቀት ለ15 ቀን እንዲቆይና በዚያ ጊዜ ውስጥ ክምሩ አምስት ጊዜ እንዲገለበጥ ያስፈልጋል። መገልበጡ የይስሙላ አይሁን፦ የዳሩ ወደ መሐል፣ የመሐሉ ወደ ዳር መግባት አለበት። ተሕዋስያኑ፣ የአረሙ ዘርና የዝንቡ ትል የሚተርፉት ሙቀት ባልደረሰው ዳር ላይ ነው። ከ70 ዲግሪ ካለፈ ጠቃሚዎቹም ስለሚሞቱ ወዲያው ይገልበጥ።

ሲበላሽ ምልክት ይሰጣል። አፍንጫ የሚሰነፍጥ ከሆነ ጭድ ይጨመር። የገማ እንቁላል ከሸተተ ውኃው በዝቶ አየር አጥቷል፤ በመንሽ አላልቶ ደረቅ ጭድ ማስገባት ነው። መሐሉን ሲከፍቱት አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ከታየ ደርቋል፣ ውኃ ይጠጣ። ሳይሸትም ሳይሞቅም የቀረ ደግሞ ወይ አንሷል ወይ ጭድ በዝቶበታል።

የምድጃ አመድ ኩስ ላይ የመድፋት ልማድ ቢቀር እንወዳለን። አመድ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ስለሆነ አሞኒያውን እያባረረ ማዳበሪያውን ያራቁተዋል። አሲድ ለበዛበት የደጋ አፈር አመድ ይጠቅማል፤ ግን ለብቻው፣ በሌላ ጊዜ፣ በስሱ ይበተን።

የላም እበት፣ የበግና የፍየል በጠጥ እንደ ኩስ ኃይለኛ ስላልሆኑ ጭዱ በግማሽ ሊቀንስ ይችላል። በውስጣቸው ግን ያልተፈጨ የአረም ዘር ስለሚገኝ ሙቀቱ ለእነሱም የግድ ነው። የፈረስና የአህያ ፋንድያ ብቻውንም ቢሆን ቶሎ ይሞቃል። የውሻና የድመት ዐይነ ምድር በሰው ላይ የሚተላለፍ ጥገኛ ተሕዋሲ ስላለው ክምሩ ውስጥ በፍጹም አይግባ። ፈንግል የገባበት ዶሮ ቤት ኩስና የሞተ ዶሮም እንዲሁ፤ በጥልቀት ይቀበር። ክምሩ ከውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ በክረምት ላዩን በሸራ ይሸፈን፣ ጎኑ ግን ለአየር ክፍት ይሁን።

ሙቀቱ ከበረደ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ወር ማረፍ አለበት። ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። መድረሱን ለማወቅ ፌጦ ይዝሩ፦ በአንድ ጣሳ ግማሽ በግማሽ ከአፈር ጋር የተቀላቀለ ብስባሽ፣ በሌላው አፈር ብቻ አድርጎ እኩል ፍሬ መበተንና ማርጠብ ነው። ፌጦ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበቅላል። በብስባሹ ጣሳ የበቀለው ከሌላኛው ካነሰ ወይም ጫፉ ከተቃጠለ ሁለት ሳምንት ጨምረው እንደገና ይሞክሩ። የደረሰው የአፈር ሽታ አለው፣ ጭዱም ተለይቶ አይታወቅም።

ክምሩ ሲደርስ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ለአንድ ካሬ ሜትር መደብ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሙሉ ይበቃል፤ ከላይኛው 10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አፈር ጋር ይደባለቅ። ከአንዱ ክምር የሚወጣው ለ25 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ለችግኝ ማፍያ አንድ እጅ ብስባሽ ለሦስት እጅ አፈር።

በየወረዳው የ45 ቀን ዶሮዎችን የሚያከፋፍሉ ባለሙያዎች ስለ መኖና ስለ ክትባት ሲያስረዱ ይህንንም እንዲጨምሩ፣ ጋዜጣችሁም በእርባታ ገጹ እንዲያወጣው እንጠይቃለን። ጭድ ርካሽ የሚሆነው ከመኸር በኋላ፣ ከጥር እስከ የካቲት ነው፤ ዶሮ ለመረከብ የተመዘገበ ሁሉ የዓመቱን ጭድ በዚያን ጊዜ ገዝቶ ከዝናብ ጠብቆ ቢያስቀምጥ ይበጀዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአትክልትና የአፈር ባለሙያዎች፣ ከአዲስ አበባ