ካምቢዮው «ሞቷል» ከመባሉ በፊት ዘይቱ ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር አይገባም ከተባለ ወዲህ፣ ከተማው ውስጥ ያለው ያገለገለ መኪና ከእጅ እጅ እየዞረ ነው። ገዢ ሊብሬ ያያል፣ ቀለም ይዳብሳል፣ ቦሎው የዘንድሮ ከሆነ ልቡ ያርፋል። ዓመታዊ ምርመራው ግን ፍሬኑን፣ መብራቱንና ጭሱን እንጂ የኦቶማቲክ ካምቢዮን (ማርሽ የሚቀያይረውን ሳጥን) ሆድ አያይም። ተገዝቶ ወር ሳይሞላው «ካምቢዮው ሞቷል፣ ይቀየር» የሚባለው መኪና ብዙ ነው፤ ከነዚህ መካከል ሳይሞቱ የሚቀበሩ አሉ።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ዘይቱ ነው። መለኪያ ዘንግ ያለው ቶዮታ ከሆነ ሩብ ሰዓት ያህል ተነድቶ ይሙቅና ሜዳ ላይ ይቁም። ፍሬን ተይዞ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹን ከፒ እስከ ኤል አንድ በአንድ አሳልፎ ወደ ፒ መመለስ ነው። ከዚያ ዘንጉ ይመዘዛል፣ ይጠረጋል፣ ገብቶ እንደገና ይታያል። እንደ ሞተር ዘይት አጥፍቶ መለካት ያሳስታል፤ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ኮፓው (ከካምቢዮው ሥር ወዳለው የዘይት መያዣ) ስለሚመለስ የጎደለው ሙሉ ይመስላል። የጎደለ ዘይት ደግሞ ፓምፑ አየር እንዲስብ ያደርጋል፤ መኪናው ዳገትና ኩርባ ላይ ለቅጽበት ማርሹን ይለቃል፣ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጉልበት የለም። ይህን ነው አንዳንዱ «ፍሪሲዮኑ (ተጣብቀው ኃይል የሚያስተላልፉት የውስጥ ዲስኮች) አልቋል» ብሎ የሚያስፈታው። አንድ ጠብታ ነጭ ሶፍት ላይ ጣል አድርጉና እዩት። ቀይ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደህና ነው። ጥቁር ሆኖ ፍርፋሪ ከተወና የተቃጠለ ፍሪሲዮን ከሸተተ ግን ውስጡ ተፈትቶ የሚሠራበት ጊዜ ደርሷል።

ትልቁ ጥፋት ያለው የዘይቱ ዓይነት ላይ ነው። ቪትዝና ያሪስን ውሰዱ፤ መልካቸው መንታ ነው፣ ሆዳቸው አይገናኝም። ከ2005 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) የተሠራው የጃፓን ቪትዝ በአብዛኛው ሲቪቲ (የማርሽ ደረጃ የሌለው ኦቶማቲክ) ነው፤ በዱባይ በኩል የገባው የዚያው ዘመን ኦቶማቲክ ያሪስ በአብዛኛው ባለ አራት ማርሽ ነው። ሲቪቲ ውስጥ ፍጥነቱን የሚቀያይረው በሁለት ፑሌዎች (መዘውሮች) መካከል ተጨንቆ የሚዞር የብረት ቺንጊያ ነው። ብረቱ ብረቱን ሳያንሸራትት እንዲይዝ የሚያግዘው ለዚሁ ተብሎ የተዘጋጀ ዘይት ነው። ተራውን ቀይ የኦቶማቲክ ዘይት ሲሞሉበት ቺንጊያው ይንሸራተታል፣ ፑሌውን ይቧጥጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱን ቢቀይሩት ጭረቱ አይጠፋም። ለመለየት ደላላ አያስፈልግም። ኮፈኑ ሲከፈት ከሞተሩ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ የተለጠፈች ትንሽ ሰሌዳ አለች፤ የካምቢዮው ኮድ እዚያ ተጽፏል። በእነዚህ ቶዮታዎች ላይ እንደ «ኬ 410» በኬ የሚጀምረው ሲቪቲ ነው፣ እንደ «ዩ 340 ኢ» በዩ የሚጀምረው ማርሽ ያለው ኦቶማቲክ ነው። ዘንጉ ላይም የዘይቱ ስም ተቀርጾ ይገኛል። ኦቶማቲኩም ቢሆን ቲ-4 የሚባለውን ዘይት የሚፈልግና ደብልዩ ኤስ የሚባለውን የሚፈልግ አለ፤ «ሁሉም ቀይ ነው» እያሉ መሙላት አይሆንም።

ለራዲያተር የቧንቧ ውሃ የመሙላት ልማዳችንም መዘዝ አለው። በብዙ መኪና የካምቢዮው ዘይት የሚቀዘቅዘው ራዲያተሩ ውስጥ በምታልፍ ቱቦ ነው። ዝገት ከበሳት ውሃና ዘይት ይደባለቃሉ፤ ዘይቱ በወተት የተመታ እንጆሪ ይመስላል። እንዲህ የሆነ መኪና አይግዙ።

ለመግዛት ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ፣ ኮፈኑንም ዳብሱት። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ ቀጠሮውን አዛውሩ፤ የደረቁ የውስጥ ጎሚኒዎች የዘይት ግፊት የሚያሾልኩት በብርድ ነውና። ፍሬንና የእጅ ፍሬን ተይዞ ከኤን ወደ ዲ ሲገባ፣ ማርሹ እስኪይዝ ያለውን ጊዜ በስልክ ሰዓት ያዙ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ቶዮታ የሚፈቅደው ለዲ 1.2 ሰከንድ፣ ለአር 1.5 ሰከንድ ያህል ነው። በብርድ ትንሽ ቢዘገይ ግድ የለም፤ ሁለትና ሦስት ሰከንድ ቆይቶ በድንጋጤ ከገባ ግን ችግር አለ። ቀጥሎ ከለገሃር በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ውጡ፣ ሲሞቅ ደግሞ ከራስ መኮንን ድልድይ አካባቢ አንድ ዳገት ላይ ወደ ኋላ አስወጡት። ዳሽቦርዱ ላይ «ኦ/ዲ ኦፍ» (ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ትልቁ ማርሽ፣ ጠፍቷል) የሚለው መብራት ማንም ሳይነካው ብልጭ ድርግም ካለ ኮምፒውተሩ ስህተት መዝግቧል ማለት ነው። ዲያግኖስቲክ (የኮምፒውተር ምርመራ) የሚደረገው ከዚህ ጉዞ በኋላ ነው፤ ባትሪ ተነቅሎ የተሰረዘ ኮድ ቆሞ አይመለስም። ኮዱ የሶሌኖይድ (የዘይቱን መንገድ በኤሌክትሪክ የሚከፍትና የሚዘጋ ቫልቭ) ከሆነ ብዙ ጊዜ ሽቦውና ሶኬቱ ተፈትሾ፣ ወይም ያው ሶሌኖይድ ተቀይሮ ያበቃል። ለዚያ ብሎ ካምቢዮ ማውረድ ጭካኔ ነው።

ዘይት ሲቀየር ከኮፓው የሚወጣው ሦስት ሊትር ገደማ ነው፤ ቀሪው በአብዛኛው ቶርክ ኮንቨርተሩ (የሞተሩን ኃይል በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ክፍል) ውስጥ ይቀራል። የወጣውን በጆግ ለክቶ ያንኑ ያህል መመለስ፣ ጥቂት ቀን ነድቶ ሁለተኛ፣ ከዚያም ሦስተኛ ጊዜ መድገም ነው። ታሪኩ ያልታወቀን መኪና በማሽን ግፊት እጠቡልኝ አትበሉ፤ የዘቀጠው ቆሻሻ ተነስቶ ቫልቭ ቦዲ (ዘይቱን ወደየቦታው የሚያከፋፍለው ክፍል) ውስጥ ይሰነቀራል። ኮፓው ሲወርድ ማግኔቷን እዩ፦ እንደ ሊጥ የለሰለሰ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ነው፣ በጣት ሲዳሰስ የሚወጋ ስንጥር ብረት ካለ ግን ዘይት አያድነውም።

ከጋዜጣው የምንጠይቀው ጋራዦች ደረሰኝ ላይ የዘይቱን ስም፣ የወጣውንና የገባውን ሊትር፣ ኪሎሜትሩንም እንዲጽፉ ጉዳዩን እንዲያነሳልን ነው። ነገሩ እኛንም ይነካል፤ «የካምቢዮ ዘይት» ብለን ብቻ ጽፈን ደንበኛን የምንሸኝ መካኒኮች ጥቂት አይደለንም፣ ቀጣዩ መካኒክም ምን እንደሚጨምር ሳያውቅ ይጨምራል።

ተክለሃይማኖት አካባቢ የምንሠራ የካምቢዮ መካኒኮች
አዲስ አበባ