የሕንድ ውዝዋዜው ሥልጠና ለእኛም ይከፈት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጡረታ ወጥቼ በደብረ ማርቆስ የምኖር መምህር ነኝ። በከተማችን በአንድ አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወጣቱንም ሸምገል ያልነውንም አንድ ላይ ሲያስተናግድ የቆየው የሕንድ ውዝዋዜ ሥልጠና ከጥቂት ሳምንታት ዕረፍት በኋላ እንደገና ሊጀመር መሆኑን የሚገልጽ ማስታወቂያ ሰሞኑን ተለጥፎ አይቻለሁ። ማስታወቂያው የሚጋብዘው ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በታች የሆኑትን ብቻ ሲሆን፣ እኛ ከፈለግን ወንበር ላይ ተቀምጠን መመልከት እንደምንችል በቃል ተነግሮናል። ምክንያቱ «ጉልበታቸው አይችለውም» የሚል ነው።

በከፊል እውነት አላቸው። ባራታናትያም የሚባለው የደቡብ ሕንድ ውዝዋዜ ጉልበትን ወደ ጎን ከፍቶ፣ ወገብን አቅንቶ፣ በግማሽ ቁጢጥ እንዳሉ መሬቱን በባዶ እግር መርገጥን ይጠይቃል፤ የአዳራሹ ወለል ደግሞ ሲሚንቶ ነው። እኔ ራሴ ከመጀመሪያው ቅዳሜ በኋላ ሁለት ቀን ሙሉ ደረጃ መውጣት ተስኖኝ ነበር። ይሁን እንጂ ይኸው ውዝዋዜ የእጅ ቋንቋም አለው። በአንድ እጅ ብቻ የሚሠሩ 28 ምልክቶች በጥንታዊ የሕንድ ድርሳን ተዘርዝረው ይገኛሉ፤ እነዚህን ተቀምጦ መማር ይቻላል።

ባንግራ የሚባለው የሰሜን ሕንድ ጭፈራ ግን ከእነጭራሹ ለእኛ የተሠራ ይመስላል። የፑንጃብ ገበሬ የስንዴው አዝመራ ሲደርስ የሚጨፍረው ሲሆን ትከሻ ይበረታበታል፤ ትከሻ ደግሞ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም። በሦስተኛው ቅዳሜ መብራት ጠፋና ዶል የሚባለውን የፑንጃብ ከበሮ ያሰማን የነበረው ድምፅ ማጉያ ጸጥ አለ። ሰባን የተሻገሩት ጎረቤቴ የልጅ ልጃቸውን ልከው ከቤታቸው ከበሮ አስመጡ። ዶል አንገት ላይ ተንጠልጥሎ አንዱ ፊቱ በወፍራም፣ ሌላው በቀጭን በትር ይመታል፤ የእኛውም ከበሮ ሰፊና ጠባብ ፊት ስላለው፣ አሠልጣኟ ምቱን በአፏ እያሰማች እሳቸው በመዳፋቸው ያዙት። ቀጥለውም ከበሮውን ለልጁ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ትከሻቸውን ቢያወርዱት፣ ወጣቶቹ «እማማ፣ እባክዎ ይድገሙልን» እያሉ ከበቧቸው። አሠልጣኟም ለግማሽ ሰዓት ያህል ተማሪ ሆነች። ይህን ያየ ሰው ሴትዮዋን ወንበር ላይ አስቀምጦ ተመልካች ለማድረግ እንዴት እንዳሰበ አይገባኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ 65 ዓመት የሞላቸው ሰዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከመውደቅም እንዲጠበቁ በሳምንት ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ሚዛንንና ጡንቻን የሚያጠነክር ልምምድ እንዲሠሩ ይመክራል። በቅዳሜዋ ሥልጠና ብቻ ይህ አይሞላም፤ ነገር ግን ለብዙዎቻችን ከቤት የምታስወጣን እሷ ብቻ ነበረች።

«ከባዕድ አምልኮ የመጣ ነው» የሚል ቅሬታም ሰምቻለሁ፤ ንቀን የምናልፈው አይደለም። ባራታናትያም ከደቡብ ሕንድ ቤተ መቅደሶች የወጣ ነው፤ ጋርባ የሚባለው የጉጃራት የክብ ጭፈራም ከሴት አምላክ በዓል ጋር የተያያዘ ነው። አሠልጣኞቹ ይህን አስቀድመው ቢናገሩና ምርጫውን ለሰው ቢተዉ ነገሩ ያልቃል። ደግሞስ በልጅነታችን ሒሳብና ፊዚክስ ያስተማሩን ሕንዳውያን አልነበሩምን? (አንገታቸውን ሲወዘውዙ እሺ ይሁን እንቢ ለመለየት ዓመት ፈጅቶብናል።)

ስለዚህ አዘጋጆቹ የዕድሜውን ገደብ ከማስታወቂያው እንዲያነሱ፣ ለሲሚንቶው ሰሌን እንዲያነጥፉ፣ ሰዓቱንም ሳይመሽ ቤታችን እንድንገባ ከቀኑ ስምንት እንዲያደርጉት እጠይቃለሁ። ከበሮ ከየት እናመጣለን ብለው አይጨነቁ፤ የጎረቤቴ ከበሮ እስካሁን ስላልተመለሰላቸው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ተቆልፎበት ይገኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ መምህር፣ ከደብረ ማርቆስ