እማዬ በስምንት ምልክት

ውድ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ባለፈው በስልክ «ከሥራ ገብተህ ደግሞ ማታ ማታ ኮምፒውተሩ ላይ ምን ትሠራለህ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። «ደመወዝስ አለው?» አልሽኝ። ደመወዝ የለውም። ማንም ያዘዘኝ ሥራም አይደለም። ለእኔ ግን ትልቅ ነገር ስለሆነ፣ በስልክም በሁለት ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ቁጭ ብዬ ልጽፍልሽ ወሰንኩ። ዕድሜሽን ሙሉ ሒሳብ ያስተማርሽ ሰው ነሽና ከብዙዎቹ የሥራ ባልደረቦቼ ይልቅ አንቺ እንደምትረጂልኝ አምናለሁ።

ኮምፒውተርን ሥራ የምናዘው ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ቋንቋ ነው፤ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ይባላል። ቀን ቀን የምሠራባቸው ቋንቋዎች የተሠሩት ሥራ እንዲፈጥን፣ ስሕተት እንዲቀንስ፣ አንዱ የጻፈውን ሌላው ሳይቸገር እንዲያነበው ነው። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ ለጥቅም ያልታሰቡ ቋንቋዎች አሉ። ሰዎች «እስኪ እንዲህ ቢሆንስ?» ብለው የፈጠሯቸው ናቸው። እኛ ኢሶላንግ እንላቸዋለን። እንግዳ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ሆን ተብሎ ሰው እንዲቸገርባቸው የተሠሩ ናቸው። ማታ ማታ የምጽፈው በእነዚህ ነው።

እንደ መጀመሪያ የሚቆጠረው ኢንተርካል ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 ዶን ዉድስ እና ጄምስ ሊዮን የተባሉ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፈጠሩት። (ከዚህ በኋላ የምጠቅስልሽ ዓመታትም በዚያው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የፈለጉት በጊዜያቸው ከነበሩት ቋንቋዎች አንዱንም የማይመስል ቋንቋ ነበር። እኔ ከሁሉ የምወድለት ጠባይ ይህ ነው፤ በትዕዛዞቹ መሐል እዚህም እዚያም «እባክህ» የሚል ቃል ማስገባት አለብሽ። «እባክህ» ካነሰ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም የተጻፈውን ለማሽኑ የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ «ጨዋነት ጎድሎሃል» ብሎ አይቀበልሽም። ከበዛም ማጎብደድ ነው ብሎ ይመልስሻል። ይህ ደንብ ደግሞ በመመሪያው ላይ አልሰፈረም ነበር፤ ጸሐፊው እየተመለሰበት ራሱ ሊደርስበት ግድ ነበር። ሁለት ወጣቶች ማሽን አክብሮትን ከማጎብደድ እንዲለይ አስበው፣ ተጨንቀው፣ ጽፈው ሲያበቁ ማንም ምንም አልከፈላቸውም። ይኸው ከ50 ዓመት በኋላም ሰው ይጽፍበታል።

ዋይትስፔስ የሚባለው በ2003 ኤፕሪል 1 ቀን የወጣ ነው። ኤድዊን ብሬዲ እና ክሪስ ሞሪስ በደራም ዩኒቨርሲቲ ሠሩት። ይህ ቋንቋ ፊደልም ቁጥርም አያነብም፤ የሚያነበው ባዶ ቦታን፣ ታብን (ሰፋ ያለውን ክፍተት) እና የመስመር መውረጃን ብቻ ነው። የሚታየውን ሁሉ ዘሎ ያልፈዋል። ሙሉ ፕሮግራም ጽፈሽ ብታትሚው የሚወጣልሽ ነጭ ወረቀት ነው። በሌላ ጽሑፍ ቃላት መካከል ባሉት ክፍተቶች ውስጥ ተደብቆ መኖርም ይችላል።

ፒየት ደግሞ ሥዕል ነው። ዴቪድ ሞርጋን-ማር በሠዓሊው በፒየት ሞንድሪያን ስም ሰይሞታል፤ ፕሮግራሙ የሚጻፈው ባለ ቀለም ነጠብጣቦችን በመደርደር ነው። ስድስት ቀለማት እያንዳንዳቸው ፈዛዛ፣ መካከለኛና ጠቆር ያለ ሆነው 18፣ ነጭና ጥቁር ሲጨመሩ 20 ይሆናሉ። ማሽኑ ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ትዕዛዙ ያለውም በሽግግሩ ላይ እንጂ በቀለሙ ላይ አይደለም። ከፈዛዛ ቀይ ወደ መካከለኛ ቀይ ሲሻገር ቁጥር ያስቀምጣል። የትኛውን ቁጥር? ትቶት የመጣው ፈዛዛ ቀይ ስንት ነጠብጣብ እንደያዘ ቆጥሮ። ስለዚህ ሥዕሉን ለዓይን አሳምራለሁ ብለሽ አንዱን ቀለም ብታሰፊው ሒሳቡ ይለወጣል፤ ሒሳቡን ስታስተካክዪ ሥዕሉ ይጠባል። ሁለቱ ተስማምተው የወጡ ሥራዎችን ሳይ ረጅም ሰዓት አፍጥጬ እቀራለሁ።

ክፉው ማልቦልጅ ነው። ቤን ኦልምስቴድ በ1998 ሲፈጥረው በተቻለ መጠን የማይጻፍበት እንዲሆን ነበር ያሰበው፤ ስሙንም ከሲኦል ክፍሎች ከአንዱ ወሰደለት። አንድ ትዕዛዝ የሚኖረው ትርጉም በተቀመጠበት ቦታ ይወሰናል፤ ከተፈጸመ በኋላም ራሱ ተለውጦ ሌላ ትዕዛዝ ይሆናል። ፈጣሪው ራሱ በቋንቋው አንድም ፕሮግራም አልጻፈም። የመጀመሪያው ፕሮግራም የተገኘው በ2000 ሲሆን እርሱንም ሰው አልጻፈውም፤ አንድሩ ኩክ የተባለ ሰው ፕሮግራሙን የሚፈልግ ሌላ ፕሮግራም ጽፎ ነው ያገኘው። ሉ ሼፈር ደግሞ ቋንቋውን እንደ ምስጢራዊ ጽሑፍ ቆጥሮ መረመረውና የት የት እንደሚላላ አሳየ። እኔ በማልቦልጅ አልጽፍም። መከራው ይበዛል፣ ከመከራው መልስ የሚታየው ነገር ያንሳል ባይ ነኝ።

የእኔ ፍቅር ሌላው ነው። ስሙ ውስጥ ጸያፍ ቃል ስላለበት ለአንቺ አልጽፈውም፤ ባለ ስምንቱ ልበለው። ኡርባን ሙለር በ1993 አሚጋ ለተባለው ኮምፒውተር ሠራው። ምኞቱ ከሁሉ ያነሰ ኮምፓይለር መጻፍ ነበር፤ ከ300 ባይት በታችም አወረደው (ባይት ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠ ነገር መጠን መለኪያ ነው)። አንድ የእኛ ፊደል ኮምፒውተር ውስጥ 3 ባይት ይይዛል፤ ስለዚህ ያ ኮምፓይለር ሙሉውን 100 ፊደል አይሞላም ማለት ነው፤ እዚህ ከጻፍኩልሽ ሁለት መስመር ብዙም አይበልጥም።

በረድፍ የተደረደሩ ባዶ ሣጥኖች አስቢ። በእያንዳንዱ ውስጥ ከ0 እስከ 255 ያለ አንድ ቁጥር ይገባል፤ መጀመሪያ ሁሉም 0 ናቸው። አንቺ የመጀመሪያው ሣጥን ፊት ቆመሻል። ያሉሽ ምልክቶች ስምንት ብቻ ናቸው። > አንድ ሣጥን ወደ ቀኝ፣ < አንድ ሣጥን ወደ ግራ። + ያለሽበት ሣጥን ላይ 1 ጨምሪ፣ - 1 ቀንሺ። ነጥብ በሣጥኑ ያለውን ቁጥር አውጥተሽ አሳዪ፣ ኮማ ከውጭ ተቀበዪ። የቀሩት ሁለቱ [ እና ] ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው፣ የቆምሽበት ሣጥን 0 እስኪሆን ድረስ ይደጋገማል። አለቀ። ማባዣ የለም፣ ማካፈያ የለም፣ ፊደል የለም።

አሁን የሚደንቀውን ልንገርሽ። ሣጥኑ እስካላለቀ ድረስ የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ የሚያሰላውን ማንኛውንም ነገር እነዚህ ምልክቶች ማስላት ይችላሉ። ይዘገያሉ፣ ይረዝማሉ፣ ግን የማይደርሱበት የለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግ በ1936 አንድ ጥብጣብ ላይ እየሄደ ምልክት የሚያነብና የሚጽፍ ማሽን በሐሳቡ ፈጥሮ፣ ስሌት የሚባለው ሁሉ በእርሱ ሊሠራ እንደሚችል ሞግቶ ነበር። ኮራዶ ቦም የተባለ ጣሊያናዊ ምሁር በ1964 ያወጣው ቋንቋ ደግሞ ከባለ ስምንቱ ጋር በጣም ይቀራረባል። ይህን በትምህርት ቤት ተነግሮኝ ነበር፤ አምኜም ነበር። ያየሁት ግን በስምንቱ ምልክት ማባዛትን ራሴ ከመደመር ስሠራ ነው። ቁጥር በአንዱ ሣጥን አስቀምጬ፣ እርሱን አንድ አንድ እየቀነስኩ በሌላው ላይ 15 እየጨመርኩ፣ 15 ጊዜ ሲደጋገም 225 ሲሞላ። ተማሪዎችሽን «መልሱን ሳይሆን መንገዱን አሳዩኝ» ትያቸው የለም? ይህ ቋንቋ ከመንገድ በቀር ምንም የለውም።

225 ያልኩሽ በከንቱ አይደለም። ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በዓለም አቀፉ የፊደላት ሠንጠረዥ እ ቁጥሯ 4773 ነው። ይህ ቁጥር ከ255 ስለሚበልጥ በአንድ ሣጥን አይገባም፤ ስለዚህ ዩቲኤፍ-8 በሚባለው ሥርዓት በሦስት ተከፍሎ ይላካል፦ 225፣ 138፣ 165። ማ ደግሞ 225፣ 136፣ 155 ናት። ዬ 225፣ 139፣ 172። እማዬ ብሎ ለመጻፍ ዘጠኝ ቁጥር በተራ ማውጣት ነው።

ቁጥሮቹን ተመልከቺያቸው። ሦስቱም በ225 ይጀምራሉ፤ ስለዚህ አንድ ሣጥን 225 ይዞ ሳይነካ ይቀመጥ። የመካከሉ ሣጥን ከ138 ሁለት ቀንሶ 136፣ ሦስት ጨምሮ 139 ይሆናል። የመጨረሻው ከ165 አሥር ይቀንሳል፣ ከዚያ 17 ይጨምራል። የቀረው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች ማግኘት ነው። 225 ማለት 15 ጊዜ 15 ነው። 165 ማለት 15 ጊዜ 11። 138 ደግሞ 15 ጊዜ 9 ሲደመር 3። በአንድ ድግግሞሽ ሦስቱም ይሞላሉ! ይህን ሳየው ከወንበሬ ተነሣሁ። ፕሮግራሙ 114 ምልክት ሆኖ ወጣ፤ ሠራም።

ከዚያ የተሻለ ነገር መጣልኝ። ከ0 ላይ 1 ስትቀንሺ ሣጥኑ ወደ 255 ይዞራል። እንግዲያው 225 ዘንድ ለመድረስ ወደ ላይ 225 ከመውጣት ከ0 ወደ ታች 31 መውረድ ይቀርባል። 138 በቁልቁለቱ በኩል 118፣ 165 ደግሞ 91 ርቀት ላይ ናቸው። 15 እዚህም አላሳፈረኝም፤ 31 ማለት 15 ጊዜ 2 እና 1፣ 118 ማለት 15 ጊዜ 8 ሲቀነስ 2፣ 91 ማለት 15 ጊዜ 6 እና 1። ሁሉን በመቀነስ ጻፍኩትና 114 የነበረው 96 ሆነ። ይኸውልሽ፦

+++++++++++++++[>-->-------->------<<<-]>-.>++.>-.<<.>--.>----------.<<.>+++.>+++++++++++++++++.

በጣትሽ እየተከተልሽ ብትሄጂ ነጥብ ባገኘሽ ቁጥር አንድ ቁጥር ይወጣል፤ ዘጠኝ ነጥብ፣ ዘጠኝ ቁጥር፣ እማዬ።

ይህን ሥራ ለማንም ልሸጠው አልችልም። ቀን ቀን በምሠራበት ቋንቋ «እማዬ ብለህ ጻፍ» ለማለት አንዲት መስመር ትበቃለች፤ ከሥር ስንት ቁጥር እንደሚንቀሳቀስ ግን ማንም አይጠይቅም፣ እኔም አልጠይቅም ነበር። ሰው የሚሠራበትን መሣሪያ እስከ ታች ድረስ ሳያውቀው ጡረታ ሊወጣ ይችላል። እኔ እንዲያ መሆን አልፈልግም። በእነዚህ ቋንቋዎች ስጽፍ ከእኔና ከማሽኑ መካከል ምንም አይቆምም፤ አንዲት ምልክት ስታንስ ለምን እንዳነሰች አውቃለሁ። ደግሞም ሰዎቹን እወዳቸዋለሁ። እባክህ በሉኝ የሚል ማሽን፣ ባዶ ወረቀት የሆነ ፕሮግራም፣ የሚሠራ ሥዕል፤ እነዚህን ሁሉ ትርፍ ሳያስቡ ሠርተው ማንም እንዲወስደው አስቀመጡት። ማታ ማታ የምሠራው ይህንን ነው፤ በደስታ ነው የማመሸው፣ ስለ እኔ አታስቢ።

አንድ ነገር ብቻ አልተዋጠልኝም። መጨረሻ ላይ ከ155 ወደ 172 ለመሄድ 17 የመደመር ምልክት በጥሬው ደርድሬያለሁ። 17 ማለት 4 ጊዜ 4 እና 1 ስለሆነ በትንሽ ድግግሞሽ ልተካው አልኩ፤ ድግግሞሹ ራሱ 16 ምልክት ፈጀ። አተረፍኩ ብል አንዲት ምልክት፣ 95። ከ15 ከፍና ዝቅ ያሉ ቁጥሮችንም ሞክሬያቸዋለሁ፤ ይረዝማሉ። ሌላ በር ያለ ይመስለኛል፤ ምናልባት ሦስቱን ሣጥኖች በሌላ ቅደም ተከተል በማስቀመጥ፣ ምናልባትም በድግግሞሽ ውስጥ ሌላ ድግግሞሽ በመክተት። ዘጠኙን ቁጥሮች ወረቀት ላይ ገልብጠሽ እስኪ እይልኝ። ከ95 በታች የሚያወርድ መንገድ ከታየሽ የስልክ ቀናችንን አትጠብቂ፣ ያኔውኑ ደውይልኝ።

አክባሪ ልጅሽ